ቸኮሌት ቺፕ ኩኪስ በጎንደር ኩሽና፦ ምን እንቀይር? ለምንስ እንዲህ ተወደደ?

ማራኪ_ኩሽና

ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

ዛሬ ስለ ቸኮሌት ቺፕ ኩኪስ እናውራ። ሰሞኑን ጎንደር ውስጥ ቤቱ የሚጋግር ሰው በዝቷል፤ በጣም ደስ ይላል። ግን ብዙዎች ኢንተርኔት ላይ ያገኙትን ልኬት እንዳለ ይወስዱና ኩኪሱ ሲፈስባቸው ተስፋ ቆርጠው ይተዉታል። ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። አብዛኛው ልኬት የተሠራው ከባሕር ጠለል እምብዛም ከፍ ላላለ አገር ነው። የእኛ ከተማ ደግሞ ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ናት። እዚህ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው።

ይሄ ለኩኪስ ትልቅ ነገር ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ከቤኪንግ ሶዳው የሚወጣው ጋዝ ከልክ በላይ ይነፋል። ሊጡ ሳይጸና ይነሳና መልሶ ቁጭ ይላል። እርጥበቱም ቶሎ ይተናል፤ በቀረው ሊጥ ላይ ስኳሩ ይበረታበታል። ስኳር የበረታበት ሊጥ ደግሞ ይዘረጋል። ትሪው ላይ እንደ ቂጣ ተያይዞ የሚወጣው ለዚህ ነው።

ስለዚህ እኔ እንዲህ ነው የምሠራው። 165 ግራም የፉርኖ ዱቄት እመዝናለሁ፤ ቆላ ያለ ሰው 140 ይበቃዋል። ስኳር 110 ግራም፣ ከዚያ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር። የፈረንጆቹ ልኬት ቡናማ ስኳር ይላል፤ እኔ ማሩን የማስገባው በእሱ ፈንታ ነው። ማር እርጥበት ይይዛል፣ ቶሎም ይቀላል። ለጋ ቅቤ 110 ግራም፣ አንድ እንቁላል፣ ትንሽ ቫኒላ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ቤኪንግ ሶዳው ላይ ነው ዋናው ለውጥ፦ እነሱ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያደርጋሉ፣ ለእኛ ሩብ በቂ ነው። ጥቁር ቸኮሌት 150 ግራም በቢላ ከተፍ ከተፍ አድርጉት። ፍሬ ፍሬው ካልተገኘ አትጨነቁ፤ የተከተፈው እንዲያውም ይሻላል። ደቃቁ ሊጡ ውስጥ ይሰራጫል፣ ትልልቁ እንደ ኩሬ ቀልጦ ይቀመጣል።

ቅቤውን ከስኳሩና ከማሩ ጋር እስኪነጣ ምቱት። እንቁላሉን ጨምሩ። ዱቄቱ ከገባ በኋላ ግን እጃችሁን ሰብስቡ። ብዙ ከታሸ ይጠነክራል። ሎሚ የሚያህል ድቡልቡል አድርጋችሁ ቢያንስ አንድ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት፤ ቢያድር የበለጠ ይጣፍጣል። ኦቨኑን 190 ዲግሪ አድርጉት። ብዙ ልኬት 180 ይላል፤ እኛ ከፍ የምናደርገው ሊጡ ከመፍሰሱ በፊት እንዲጸና ነው። ከ9 እስከ 11 ደቂቃ ይበቃዋል።

የሚወጣበትን ሰዓት በዓይን ነው የምታውቁት። ጠርዙ ቀላ ይላል። መሃሉ ግን ገና ጥሬ ይመስላል፣ ያብለጨልጫል፣ በጣት ቢነካ ይሰረጉዳል። ያኔ አውጡት! ትሪው ራሱ ትኩስ ስለሆነ እዚያው ላይ ለ5 ደቂቃ መብሰሉን ይቀጥላል። መሃሉ እስኪደርቅ ከጠበቃችሁ ኩኪስ ሳይሆን ደረቅ ብስኩት ነው የምትበሉት።

ለምን ተወደደ ለሚለው የእኔ መልስ አጭር ነው፦ ትኩስ ስለሚበላ። ቸኮሌት የሚቀልጠው 34 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ከሰውነታችን ሙቀት ትንሽ ዝቅ ብሎ። አፍ ውስጥ ሲገባ ራሱ ይለቀቃል። ጠርዙ ይሰባበራል፣ መሃሉ ይለጠጣል፣ ጨዋማና ጣፋጭ አንድ ላይ ይመጣል። ይህን በላስቲክ ታሽጎ ወራት ያስቆጠረ ኩኪስ በምንም ታምር አይሰጣችሁም። ቤት የጋገረ ሰው ብቻ ነው የሚያገኘው።

እናንተስ? ኦቨን የሌላችሁ እንዴት ነው የምትሠሩት?

---

ጀማሪ_ጋጋሪ_18

እህቴ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ጋ ችግሩ ሌላ ነው። ቅቤ የምገዛው ቅዳሜ ገበያ ነው። አንዳንዴ ኩኪሱ ቆንጆ ይሆናል፣ አንዳንዴ ደግሞ የእርጎ ሽታ ሽታ ይላል። ቤት ያለውን የተነጠረ ቅቤ ብጠቀምስ?

---

ኬሚስትሪ_መምህር

ጀማሪ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። የአገራችን ቅቤ የሚናጠው ከረጋ ወተት ነው። የውጭው በብዛት ከክሬም ነው የሚወጣው። ስለዚህ የእኛ ቅቤ ውስጥ አሬራ ይቀራል፣ ኮምጠጥ ይላል። ስትገዢ ለጋውን ምረጪ፤ መካከለኛና በሳል ለወጥ ይሁን። ቤት ስታመጪው ደግሞ በቀዝቃዛ ውኃ እጠቢው። ውኃውን እየቀየርሽ፣ በማንኪያ እየተጫንሽ። መጀመሪያ ውኃው ነጭ ይሆናል። ጥርት እስኪል ድገሚው። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ አድርቂው። ሽታው በአብዛኛው ከአሬራው ጋር ይሄዳል።

የተነጠረውም ይሆናል፣ ግን ሁለት ነገር ልብ በይ። አንደኛ ኮሰረትና በሶብላ የገባበት ከሆነ ኩኪስሽ ወጥ ወጥ ይልብሻል። ያለ ቅመም ለብቻው ማንጠር ነው። ሁለተኛ የተነጠረ ቅቤ ውኃ የለውም ማለት ይቻላል። ለጋው ከመቶ 16 ወይም ከዚያ በላይ ውኃ አለው። ስለዚህ በ110 ግራም ለጋ ፈንታ 90 ግራም የተነጠረ አድርጊና አንድ የሾርባ ማንኪያ ተኩል ወተት ጨምሪበት። ያለዚያ ሊጡ ይደርቅና ይፈረፈራል።

ስለ ቀለሙና ሽታውም ልጨምር። ኦቨኑ ውስጥ የሊጡ ገጽ 140 ዲግሪ አካባቢ ሲያልፍ ስኳርና ፕሮቲን እየተገናኙ ብዙ ዓይነት ጣዕምና ሽታ ይፈጥራሉ። ቡና ሲቆላ፣ ዳቦ ሲጋገር የሚሸተንም ይሄው ነገር ነው። እዚህ ቤት ቡና ሲቆላ አፍንጫው የማይነሳ ሰው አለ? ስለዚህ የኩኪስ ፍቅር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ቤኪንግ ሶዳ ደግሞ ሊጡን ከአሲድነት ስለሚያርቀው መቅላቱን ያፋጥናል። ሶዳውን ሙሉ በሙሉ አውጥታችሁ በቤኪንግ ፓውደር ብቻ ብትተኩት ነጣ ያለ፣ ኬክ ኬክ የሚል ነገር ነው የሚወጣው።

---

አራዳ_የተወለድኩ

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ አልስማማም። ኩኪስ መጥፎ ነው አልልም። ግን ቸኮሌቱ ስንት ነው? ካካዎ እኛ አገር በብዛት አይበቅልም፣ ከውጭ ነው የሚገባው። ለአንድ ትሪ ኩኪስ በሚወጣው ብር ሰፈሩን ሁሉ የሚያጠግብ ዳቦ ቆሎ ይሠራል። እናቶቻችን ዱቄትና ዘይት ይዘው፣ በርበሬ ጣል አድርገው፣ ወር የሚቆይ ቡና ቁርስ ያወጡ ነበር። ልጆቻችን ያንን ሳይለምዱ ኩኪስ ብቻ ካወቁ ያሳዝነኛል።

---

ማራኪ_ኩሽና

ወንድሜ፣ ልክ ብለሃል። ዋጋው እኔም ያሳስበኛል። ቤቴ ዳቦ ቆሎ ጠፍቶ አያውቅም፤ አይጠፋምም። የሁለቱ ቦታ ግን ይለያያል። ዳቦ ቆሎ ለመንገድ፣ ለስንቅ፣ ለረጅም ጨዋታ ነው። ኩኪስ የዚያኑ ቀን፣ በትኩሱ የሚያልቅ ነው። ለልጆች ደግሞ አብሮ የመሥራቱ ነገር አለ። ዳቦ ቆሎ ዘይት ላይ ወይም ትኩስ ምጣድ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልጅ አላስጠጋም። ኩኪስ ግን የአራት ዓመት ልጅ ድቡልቡሉን ይሠራልሃል።

ለዋጋው መላ አለኝ። ቸኮሌቱን በግማሽ ቀንሱና በቆላችሁት ለውዝ ተኩት። ፈጭታችሁ ሳይሆን ለሁለት ለሁለት ከፍላችሁ። ጣዕሙ አይጎድልም። ቸኮሌቱ ጥቂት ሲሆን ጥቁሩን ምረጡ፣ ጥቂቱ ብዙ ይሰማል።

---

የቀሃዋ_እናት

ልጆቼ እንደምን አላችሁ። ኦቨን ለሌለው ያላችሁትን አይቼ ነው። እኔ ቤት ያለው ምጣድ ነው፣ ለልጅ ልጆቼም በእሱ እጋግርላቸዋለሁ።

የኤሌክትሪክ ምጣዱን ለእንጀራ ያህል አታግሉት። እንጀራ የሚያወጣው ግለት ኩኪሱን ታቹን አሳርሮ ላዩን ጥሬ ያስቀረዋል። ካጋላችሁት በኋላ አጥፉትና ጥቂት ቆዩ። ውኃ ጠብ ስታደርጉበት ጭስ ብሎ የማይጠፋ፣ ቀስ ብሎ የሚፈላ ሲሆን ደረሰ ማለት ነው። ወረቀት አንጥፉበት። ሊጡን ድቡልቡል ሳይሆን ጠፍጠፍ አድርጋችሁ ደርድሩት፣ ላይኛው በኩል ሙቀት ስለሚያንሰው። ከድኑት። አክንባሎውን አስቀድማችሁ አሙቁት፣ እሱ ነው ላዩን የሚያበስልላችሁ። ክዳኑ ላይ ላብ ሲያጠራቅም አንስታችሁ በጨርቅ አብሱት፣ ያለዚያ ጠብ ጠብ እያለ ኩኪሱን ያረጥበዋል።

መብራት ከሌለ ደግሞ በብረት ድስት ነው። ድፎ እንደምንጋግረው ከታችም ከላይም ፍም። ከታች ጥቂት፣ ከላይ ብዙ። ድስቱ ታች ላይ ጠጠር ወይም ጨው አንጥፋችሁ ትንሽ ትሪ አስቀምጡበት፣ ኩኪሱ በቀጥታ ብረቱን እንዳይነካ። በአንድ ጊዜ ከአምስት ስድስት አይበልጥም። ቢሆንም የከሰሉ ሽታ ከቸኮሌቱ ጋር ይስማማል።

---

ቴዎድሮስ_ካምፓስ

እትዬ እድሜ ይስጥዎት! ያሉትን እንዳለ ጻፍኩት። እኛ ተከራይ ቤት ነን፣ ምጣድ እንጂ ኦቨን የለንም። አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎት፦ ከታቹ ቀልቶ ላዩ ነጭ ቢሆን ይገለበጣል?

---

የቀሃዋ_እናት

አይገለበጥም ልጄ። ቸኮሌቱ ምጣዱ ላይ ይያዝና ያርራል። ነጭ ቢሆንም በስሏል፣ ብላው። ቀለሙ ካላማረህ ሊጡ ላይ ማሩን ትንሽ ጨምር።

---

ቦስተን_ያለሁ_ጎንደሬ

ሰላም የአገሬ ልጆች። እኔ የምኖረው ማሳቹሴትስ ነው፣ ይሄ ኩኪስ የተወለደበት ክፍለ ግዛት። ታሪኩን ላካፍላችሁ።

የፈጠረችው ሩት ዌክፊልድ የምትባል ሴት ናት። እሷና ባሏ በ1930 ዊትማን በምትባል ከተማ ቶል ሃውስ የሚባል የእንግዳ ማረፊያና ምግብ ቤት ከፈቱ። ብዙ ቦታ "የመጋገሪያ ቸኮሌት ሲያልቅባት ሌላ ቸኮሌት ቆራርጣ ጨመረች፣ በአጋጣሚ ሆነ" ተብሎ ይወራል። እኔ ይሄን ወሬ አልወደውም። ሩት የቤት ሙያና የሥነ ምግብ ትምህርት የተማረች፣ ለሥራዋ የምትጠነቀቅ ሴት ነበረች። አስባበት፣ ሞክራ እንዳወጣችው ራሷ ተናግራለች። የባለሙያ ሴት ድካም "በአጋጣሚ ነው" ሲባል ያናድደኛል።

በ1930ዎቹ መጨረሻ አሠራሩ ታወቀ። ኔስሌ በ1939 ከእሷ ጋር ተስማምቶ አሠራሩን በቸኮሌት መጠቅለያው ላይ ማተም ጀመረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከማሳቹሴትስ ለዘመቱ ወታደሮች ቤተሰቦቻቸው ኩኪስ ይልኩላቸው ነበር። የሌላ ክፍለ ግዛት ልጆች ከጓደኞቻቸው ላይ ቀምሰው "ለእኛም ላኩልን" እያሉ አገር አዳረሰው። በ1997 ደግሞ ማሳቹሴትስ የክፍለ ግዛቱ ኩኪስ ብሎ በሕግ አጸደቀው።

ለምን ተወደደ ላላችሁት እኔ መልሱን እዚያ የወታደሮቹ እሽግ ውስጥ ነው የማየው። እናቴ በሶና ዳቦ ቆሎ ቋጥራ በሰው እጅ ስትልክልኝ የሚሰማኝን አውቀዋለሁ። ያ ቋጠሮ ስንቅ ብቻ አይደለም። አራዳ የተወለድከው ወንድሜ፣ ዳቦ ቆሎና ኩኪስ ለእኔ ጠላቶች አይደሉም።

---

አራዳ_የተወለድኩ

ቦስተን፣ የስንቁን ነገር ስትነግረኝ ልቤ ራራ። በለውዙ እሞክረዋለሁ።

---

ደባርቄ

እኛስ? ደባርቅ ከእናንተም በላይ ነው፣ 2,800 ሜትር አካባቢ። የማራኪን ልኬት እኛ ዘንድ ብሠራው ይበቃል? ቅቤውም እንደ ድንጋይ ነው፣ አልመታ ይላል።

---

ኬሚስትሪ_መምህር

ደባርቄ፣ አንድ ደረጃ ጨምርበት። እናንተ ጋ ውኃ ከ90 እስከ 91 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ሶዳውን ከሩብ ማንኪያ ወደ ትልቅ ቁንጥር አውርደው። ዱቄት አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ወተት ደግሞ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨምር። ስኳሩን አሥር ግራም ቀንስ። ቅቤውን ለመምታት ከምድጃው አጠገብ አቆየው እንጂ አታቅልጠው፤ የቀለጠ ቅቤ አየር አይዝም፣ ሊጡም ይፈሳል። ጣት ሲገባበት ቅርጹን የሚይዝ ግን የማይታገል ሲሆን ጥሩ ነው። ፍሪጅ ግን አያስፈልግህም፤ የደባርቅ ሌሊት ይበቃል።

በተቃራኒው መተማ ያለ ሰው ካለ የፈረንጁን ልኬት እንዳለ መሥራት ይችላል፤ ከ1,000 ሜትር በታች ነው። እሱን የሚያስቸግረው ሙቀቱ ነው። ሊጡን የግድ ያቀዝቅዘው።

---

መተማ_ሰሊጥ

አለሁ! መተማ ነኝ። ሊጡ እጅ ላይ ነው የሚቀልጠው፣ ልክ ብለሃል። እኔ የማታ ነው የምጋግረው።

ግን የመጣሁት ስለ ጾም ለመጻፍ ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ ዐቢይ ጾም፣ ፍልሰታ እያሉ ከዓመቱ ብዙው ቀን ጾም ነው። የጾም ኩኪስ ይቻላል፤ እኔ ከፍስኩ አላሳንሰውም። በእንቁላሉ ፈንታ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሦስት ማንኪያ ውኃ በጥብጣችሁ አሥር ደቂቃ አቆዩት። ይወፍራል፣ ይሳባል፣ ሊጡን ይይዛል። በቅቤው ፈንታ 70 ግራም ዘይትና ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ሰሊጥ። የሱፍ ዘይት ይሁን፤ የኑግ ዘይት ጣዕሙ ስለሚበረታ ቸኮሌቱን ይጫነዋል።

ሰሊጡን ትንሽ ቆልታችሁ ፍጩት። የእኛ አካባቢ ነጭ ሰሊጥ ዓለም ገበያ ላይ የጎንደርና የሁመራ ተብሎ በስሙ የሚጠራ ነው። ከጥቁር ቸኮሌት ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚመስል ቀምሳችሁ ፍረዱ። አደራ፣ የቸኮሌቱን ጀርባ አንብቡ። ጥቁር ተብሎ ወተት ያለበት አለ።

---

ማራኪ_ኩሽና

መተማ፣ ይሄን በሚቀጥለው ዓርብ እሠራዋለሁ። በጣም ነው የማመሰግነው።

ስለ ጀርባው ካነሳሽ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ፒያሳ አካባቢ ሱቆች ውስጥ ቸኮሌት የሚመስሉ ብዙ ነገሮች አሉ። የካካዎ ቅቤ የሚል ከተጻፈበት እውነተኛው ነው። በእሱ ፈንታ የፓልም ዘይት ወይም የአትክልት ስብ የሚል ከሆነ አፍ ውስጥ እንደዚያ አይለቀቅም፣ ላንቃ ላይ እንደ ሰም ይቀራል። ዋጋው ሲረክስ መጀመሪያ ይሄንን እዩ።

እንቁላሉንም እዩ። የሀበሻ ዶሮ እንቁላል ትንሽ ነው። ልኬቱ ላይ "አንድ እንቁላል" ሲባል የታሰበው ትልቁ የፈረንጅ ዶሮ እንቁላል ነው። የሀበሻውን ከተጠቀማችሁ አንድ ሙሉና ከሌላው አስኳሉን ብቻ አድርጉ። አስኳሉ መሃሉን ያለሰልሰዋል፣ ቀለሙም ያምራል።

---

ጀማሪ_ጋጋሪ_18

ቅቤውን እንደተባልኩት አጥቤ ሠራሁት! ሽታው ጠፋ። ጎረቤቶቼ ሽታውን ተከትለው መጡ፣ ቡና አፈላን፣ ትሪው አንድ ሳይቀር አለቀ። ኩኪስ በቡና ቁርስነት እንዲህ ይሄዳል ብዬ አላሰብኩም። ስኳር የሌለው ቡና ከሆነማ በጣም ነው የሚስማማው።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። ቢተርፍ እንዴት ይቀመጣል? መሃል ላይ መብራት ቢጠፋስ?

---

ማራኪ_ኩሽና

እሰይ! እጅሽ ይባረክ።

ከተረፈ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ ክዳኑ በሚገጥም ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጪው፣ አንድ ቁራሽ ዳቦም አብሮ ይግባ። ዳቦው ይደርቃል፣ ኩኪሱ እርጥበቱን ይወስድና ለስላሳ እንደሆነ ይቆያል። ከዚህ የሚሻለው ግን ሊጡን ማስቀመጥ ነው። ድቡልቡሉን ፍሪዘር ውስጥ አድርጊና እንግዳ ሲመጣ የሚያስፈልግሽን ያህል አውጥተሽ እንደ በረዶ እንደሆነ ጋግሪው። ሁለት ደቂቃ ብቻ ጨምሪበት።

መብራት ቢጠፋ የኦቨኑን በር አትክፈቺ። ከገባ ስድስት ሰባት ደቂቃ ካለፈው ውስጡ ባለው ሙቀት ይጨርሳል፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ አውጪው። ገና ከገባ የጠፋ ከሆነ ግን ቶሎ አውጥተሽ ፍም አቀጣጥይና የቀሃዋ እናት እንዳሉት በብረት ድስት ቀጥይ።